ለእንቦሳ ቤት ፈቃድ አያሻም

ሰሜን ሚኒሶታ፣ ከፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣
ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የምትከፈት
አንዲት መስኮት አለች፤ ሦስት ፈቃድ የሚሰጥባት፦
የውሻ፣ የዓሣ፣ የቤት።
ከበላይዋ የአጋዘን ራስ፣ የመስታወት ዓይኑን አፍጥጦ
ወረፋ ይጠብቃል፣ ቀንዱ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቆብ ተቀምጦ።

«የማን ነበር ይሄ አምስት ኤከር?» አለች አርዲስ ኑትሰን፣ ካርታውን ዘርግታ።
«የኦርቪል» ስላት ሳቀች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ።
«ድንጋይ ነው የሚያበቅለው፤ ነግሮሃል ወይስ ዋሽቶሃል?»
«ነግሮኛል። ለቤትማ ድንጋይ ምን ይከፋዋል?»

ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው።
ከመንገዱ መሀል ስንት ጫማ? ከረግረጉ ስንት ይርቃል?
ጣራው፣ በረዶ ሲከመርበት፣ ስንት ፓውንድ ይሸከማል?
መሠረቱ አምስት ጫማ ይውረድ፣ ውርጭ ከማይደርስበት።
እዚህ አገር ውርጭ ፍልፈል ነው፤ ከሥር ገብቶ ቤት የሚያነሣ፣
ሙቀት ሲመጣ መልሶ የሚያስቀምጥ፣ ቦታውን ግን የሚረሳ።

ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ፣
በየመንገዱ ሚዛን ላይ ወጥቼ
ተመዝኛለሁ፤ ወረቀት አያስፈራኝም።
አንዲት መስመር ላይ ግን እስክሪብቶዬ አልላወስ አለ፦

የመኝታ ቤት ብዛት።

ሰው አይቆጥሩም። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤
የፍሳሹ ታንከር በመኝታ ቤት ይለካል።
«2» ብዬ ጻፍሁ። ዝናሽ ከጎኔ አየችና
ቃል ሳትተነፍስ እስክሪብቶውን ከጣቴ ወሰደችና
እግሩን አጥፋ፣ ወገቡን ሰብራ፣ «3» አደረገችው።

«ታንከሩ ይሰፋል፣ ሁለት ሺህ ይጨምርባችኋል» አለች አርዲስ።
«የስፌት ክፍል በሉት። ቁም ሣጥን ከሌለው መኝታ አይባልም።»
«ቁም ሣጥን አለው» አለች ዝናሽ።
«ልብሱ እኛ ጋ ነው።»

የማን ልብስ ብላ አርዲስ አልጠየቀች፤
ሦስትን ሦስት ብላ መዘገበች።
ይትባረክ ከደወለ አራት ውርጭ አልፏል።

ከዚያ ጉድጓዱ መጣ። ዌንደል የሚሉት መርማሪ
አፈር ቆፍሮ፣ ውሃ አፍስሶ፣ ሰዓቱን ይዞ ተቀመጠ።
ቶሎ ከጠጣ አሸዋ ነው፣ የምትጠጡትን ይበክላል፤
ጭራሽ ካልጠጣ ሸክላ ነው፣ የዋጠውን ይተፋል።
ሦስታችንም ተንበርክከን ጉድጓድ ውስጥ አፈጠጥን።
የዝናሽ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤
ለአፈር ስትጸልይ አይቼ አላውቅም።
«ሠላሳ አንድ ደቂቃ» አለ ዌንደል። «ትዕግሥት ያለው አፈር ነው።»

«አሁን ደግሞ» አለ፣ «ሌላ ቦታ አሳዩኝ፣
ይሄኛው የሞላ ዕለት፣
ያበቃለት ዕለት፣
ዳግመኛ የሚቆፈርበት።»
ተጠባባቂ መሬት ይሉታል። ሕግ ነው፤ ባዶውን ይቆያል፤
ዛፍ አይተከልበት፣ መኪና አይቆምበት፣
ቤቱ ሳይቆም ውድቀቱ የታሰበለት።
በልቤ፦ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው
ልጅ ነበረው፣ አልሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፈቃዱ ወጣ፤ ቢጫ ወረቀት፣
ከመንገድ እንዲታይ እንጨት ላይ የሚቸነከር፣
በዓመቱ ካልጀመራችሁ የሚሞት።
አርዲስ ማህተሟን መትታ፦ «የጥጃ ጋጣ ብትሉት ኖሮ
ይሄ ሁሉ ባልነበረ፤ ለከብት ቤት ፈቃድ አያሻም፤
ስንት ሆነው እንደሚተኙ ማንም አይጠይቃችሁም።»
ሳቄ አመለጠኝ። አዲስ ቤት ደጃፍ ላይ
እኛ የምንለውን በምን አፌ ልተርጉምላት?

ማታ፣ ችካል ተክለን ክር ወጠርን።
ዝናሽ ክሩን ተሻግራ መግባት ስትችል
በሩ የሚሆንበትን ፈልጋ፣ ዞራ ገባች፤
ሦስተኛው ክፍል መሀል፣ ሣሩ ላይ ቆመች።
እኔም ከውጭ፣ እንደ እንግዳ፦
«ቤት ለእንቦሳ!»
ዝም አለች። ትንኝ ብቻ ነው የሚሰማው።
«እንቦሳ እሰሩ» አለች ቆይታ፣
ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች።

ውርጩ ሳይቀድመን አካፋውን ፍለጋ ሄድሁ።